የጣና ውሃ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ዳር ጥቂት የከረመ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። ባሕር ዳር ወደብ ላይ ባለ ጀልባው ውሃው አንሷል፣ ይያዝልን ይላል። ፎገራ በኩል ደግሞ ገበሬው ውሃው አልሸሽ አለኝ፣ ይለቀቅልኝ ይላል። የሚያወሩት ስለ አንድ ሐይቅ ነው። ብዙ ጊዜም ስለ አንድ ወር ነው። ዘመድም ወዳጅም በሁለቱም በኩል ስላለኝ ሁለቱንም ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ለመሆኑ የጣናን ውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማን ነው?

አንደኛው ክረምቱ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ይገባሉ። ከወንዞች ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላዩ የእነዚህ የአራቱ ነው። ሐይቁ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፤ መስከረም ላይ ጫፉን ይነካል። በደህና ዓመት ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ሁለተኛው ሰው ነው። ከጣና በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ ዓባይ። እዚያ መውጫው ላይ ጨረጨራ የሚባል ባለ በር ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ሲሠራ ሁለት በሮች ነበሩት። በ1993 አምስት ተጨመሩለትና ሰባት ሆኑ። በሩ ሲዘጋ ውሃው ሐይቁ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲከፈት ወደ ዓባይ ይወርዳል።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሰው ሠራሽ መውጫ ተጨመረ፤ ጣና በለስ የመብራት ማመንጫ። በምዕራብ በኩል፣ ኩንዝላ አካባቢ፣ ውሃው በዋሻ ገብቶ ወደ በለስ ይወርዳል። ጣቢያው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የታቀደው በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲወስድ ነው።

ጨረጨራ ባይኖር ጣና አይኖርም ነበር?

ይኖር ነበር። ሐይቁን የፈጠረው በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ የውሃውን መንገድ ዘጋበት። ጨረጨራ የመጣው ትናንት ነው። ሥራው የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማቆየት ብቻ ነው።

«1785»፣ «1787» እያሉ የሚከራከሩት ምንድን ነው?

ከባሕር ጠለል በላይ ያለ ከፍታ ነው፣ በሜትር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ እየተለካ ይመዘገባል። ጨረጨራ የተሠራው ሐይቁን በ1784 እና በ1787 መካከል ለመቆጣጠር ነው። 1787ን ሲያልፍ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል። ከ1785 ሲወርድ ደግሞ ትልልቆቹ መርከቦች መሄድ አይችሉም። እንግዲህ ጠቡ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሦስት ሜትሮች ውስጥ ነው።

ሦስት ሜትር ምን አላትና ነው ይህ ሁሉ ጠብ?

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቁ ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ምጣድ ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ቁጠሩት። ትንሽ ከፍ ሲል ሩቅ ይሄዳል።

እስቲ እናስላው። አንድ ሳንቲሜትር ውሃ በዚህ ስፋት ላይ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አሥር ሳንቲሜትር 300 ሚሊዮን ይሆናል። በለስ በአማካይ መጠኑ ቢሠራ ይህን ለመጨረስ 45 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ለመብራት ሰዎች አንድ ስንዝር የማትሞላ ውሃ የወር ከግማሽ መብራት ናት።

አሁን ወደ ዳሩ እንምጣ። ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ናቸው። መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ያችው አሥር ሳንቲሜትር መቶ ሜትር መሬት ትውጣለች። ያውም በዳሩ ርዝመት ሁሉ።

አንድ የማውቀው ገበሬ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ዳሩ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ይተክላል። በሳምንቱ ይመለስና ከእንጨቱ እስከ ውሃው በእርምጃ ይቆጥራል። አንድ ኅዳር አብሬው ቆጠርኩ፤ 62 እርምጃ ሆነ። ውሃው አጠገብ ያለው ጭቃ ገና እግር ይውጣል። ወደ ላይ ያለው ተሰነጣጥቆ ጡብ የተነጠፈ ይመስላል። ዘር የሚገባው በሁለቱ መካከል ባለችው መሬት ላይ ነው። እሷ ደግሞ ለጥቂት ቀን ነው የምትቆየው። ወይ ቶሎ ትይዛታለህ፣ ወይ ታመልጥሃለች።

«ባህር ሸሽ» የሚሉት ይህንን ነው?

አዎ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ወንዞቹ ያመጡት ደለል የተኛበት ስለሆነ ለም ነው። ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅሉበታል። የራሱ መሬት ለሌለው ወጣት ይህ ብቸኛው ማሳ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ወሰኑ በየዓመቱ መቀየሩ ነው። ዘንድሮ የተገለጠው ለከርሞ ላይገለጥ ይችላል። በዚህ የተነሳ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ቀበሌ ከቀበሌ ይጣላል። ውሃው ቆይቶ ከሸሸ የሽምብራው ጊዜ ያልፋል። ተዘርቶ ሳለ ከተመለሰ ደግሞ ዘሩም ድካሙም አብሮ ይሰጥማል። ባህር ሸሽ የሚያርስ ሰው ጨረጨራ ላይ ያለው በር ከቤቱ ደጃፍ ይበልጥ ይመለከተዋል። ግን በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚነግረው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ሌላውንም ልናገር። ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ሲያርስ ደንገሉም ሣሩም ይመነጠራል። ዳሩ ይራቆታል። ደለሉን የሚይዝለት ይጠፋል። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ሲያነሱት ጠላትነት አይደለም።

ውሃው ከፍ እንዲል የሚፈልጉትስ እነማን ናቸው?

ባለ ጀልባዎቹ፣ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚመላለሰው ሕዝብ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ። እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው። የሁሉም ፍርሃት ግን አንድ ዓመት ላይ ይገናኛል፤ 1995።

በ1995 ምን ሆነ?

ከዚያ በፊት የዘነበው ዝናብ አነስተኛ ነበር። በዚያው ላይ ከጨረጨራ በታች፣ ዓባይ ላይ ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ መብራት ማመንጫ ጣቢያ በ1993 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ 73 ሜጋ ዋት። የመጀመሪያው፣ የ1956ቱ፣ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነው። አዲሱ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ከሐይቁ የሚለቀቀው ጨመረ፤ የሚገባው ቀነሰ። ሰኔ 1995 ላይ ጣና መለካት ከጀመረ ወዲህ ወደማያውቀው ዝቅታ ወረደ፤ 1784 ከግማሽ አይሞላም ነበር።

መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። ወደ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሐይቅ ወለል ደረቀ። የወደቡን ድንጋይ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ አረንጓዴው የውሃ ምልክት ከሰው ጉልበት በላይ ቀርቶ፣ ጀልባው ከታች ጭቃው ላይ ተጋድሞ ነበር። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በጭቃው ውስጥ እስከ ውሃው ይሄድ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የዝናቡ ወይስ የመብራቱ?

የሁለቱም። ዝናቡ ብቻውን ሐይቁን ዝቅ ያደርገው ነበር፤ እዚያ ድረስ ግን አያወርደውም ነበር። በድርቅ ዓመት ውሃ እንደ ደህና ዓመት ከተለቀቀ ውጤቱ ይኸው ነው። በእኔ ግምት የ1995 ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር። ከፍታው በሚዘንበው ልክ እንጂ በመብራት ፍላጎት ብቻ መወሰን የለበትም።

የክረምቱ ጎርፍ የሚመጣው በሩን ስለሚዘጉት ነው?

ይህን ጥያቄ በየክረምቱ እሰማዋለሁ። በተለይ በነሐሴ 1998 ፎገራና ደምቢያ ሲጥለቀለቁ ብዙ ሰው ወደ ጨረጨራ ነበር ጣቱን የቀሰረው።

እውነቱ ግማሽ ግማሽ ነው። ጎርፉን ይዘው የሚመጡት ወንዞቹ ናቸው። ርብና ጉማራ ከተራራው አፈር ጭነው ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያራግፉታል። ወለላቸው በደለል ከፍ ይላል፤ ከዚያ ዳርቻቸውን ጥሰው ይወጣሉ። ይህ በር ቢከፈትም ባይከፈትም ይሆናል።

ሐይቁ ሲሞላ ግን ነገሩ ይብሳል። ወንዙ መግቢያ ያጣል። ውሃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ይቆያል። በሦስት ቀን መሸሽ የሚገባው ጎርፍ ሳምንታት ይፈጃል። ሩዙም ከረጢቱም ቤቱም ውስጥ ውሃ ይከርማል።

«እንግዲያው በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት» የሚል አለ። እስቲ ይህንንም እናስላው። እያንዳንዱ በር ሐይቁ ሞልቶ ሳለ በሰከንድ 70 ሜትር ኩብ ገደማ ያሳልፋል። ሰባቱም ሲከፈቱ 490 ይሆናል። ይህ በቀን ሐይቁን ዝቅ የሚያደርገው ከአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ባነሰ ነው፤ ያውም ምንም ውሃ ካልገባ። በነሐሴ ደግሞ የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል። ስለዚህ ጎርፍ ከመጣ በኋላ በር መክፈት እሳት ከተነሳ በኋላ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። በሩ የሚጠቅመው ቀድሞ ሲከፈት ነው።

ታዲያ ከክረምቱ በፊት ለምን አያጎድሉትም?

መፍትሔው እዚህ አካባቢ ነው። አደጋውም እዚሁ ነው። ግንቦት ላይ ሐይቁን አጉድለህ ክረምቱ ቢቀርብህ 1995 ይደገማል። ሞልተህ ጠብቀህ ክረምቱ ቢበረታ 1998 ይደገማል። በዚያ ላይ ፀሐይ አለ። ከጣና ገጽ ላይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ይተንናል። ይህ በዓባይ በኩል ከሚወጣው ውሃ ይበልጣል። ስለዚህ «ለክፉ ቀን» ብሎ የያዙት ውሃ ሁሉ ለክፉ ቀን አይደርስም።

የዝናብ ትንበያ እየተሻሻለ ስለመጣ ቁማሩ እንደ ድሮው ጨለማ አይደለም። ግን ትንበያውን ጨረጨራ ላይ ካለው ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ፎገራ ላይ ካለው ሰው ጋርም ማገናኘት ይገባል።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴስ ለምን ደከመ?

ሐይቁ ውስጥ የተያዘ ውሃ እና ወደ በለስ የሄደ ውሃ በፏፏቴው አያልፍም። ነገሩ ይኸው ነው። ድሮ ከሩቅ ጢሱ ይታይ የነበረው ገደል በበጋ ገመድ ገመድ ሆኖ ሲወርድ ማየት ያሳዝናል። እዚያ ያሉ አስጎብኚዎችና ቡና የሚያፈሉ እናቶችም የዚህ ክርክር ባለቤቶች ናቸው። ስብሰባ ላይ ግን ብዙም አይታወሱም።

ሐይቁ ከፍ ቢል ገዳማቱ አይሰጥሙም?

ዛሬ ባለው ልክ ውስጥ አይሰጥሙም። ዳጋ እስጢፋኖስ ለምሳሌ ኮረብታ አናት ላይ ነው። የሚቸገሩት ወደቦቹና ዝቅ ያሉት የአትክልት ቦታዎች ናቸው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ጀልባ ከወደቡ ርቆ ይቆማል።

ፍርሃቱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጣናን ገድቦ ከፍ የማድረግ ሐሳብ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው። እንግሊዞች ለሱዳንና ለግብፅ ጥጥ ማጠጫ ጣናን ማጠራቀሚያ ሊያደርጉት ይፈልጉ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር የተፈረመው ውል ላይ ጣናና ዓባይ በስም የተጠቀሱት ለዚህ ነው። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ አነጋገሩ። ጥናቱም ተጀምሮ ነበር። የጣልያን ወረራ መጣና ነገሩ ተቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት ከተነሱት ስጋቶች አንዱ ውሃው ከፍ ሲል የዳርና የደሴት አብያተ ክርስቲያናት ይጎዳሉ የሚለው ነበር። ስለዚህ አንድ መነኩሴ «ሐይቁን ከፍ ልናደርገው ነው» ሲባሉ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ከአያት የወረደ ስጋት ነው።

ከፍታው እምቦጭን ያጠፋዋል ወይስ ያስፋፋዋል?

ብቻውን አያጠፋውም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ወዲህ ያጠቃው በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ነው፤ ጥልቀት የሌለውን፣ ወንዝ የሚገባበትን። ውሃው ሲጎድል አረሙ መሬት ላይ ቀርቶ ይደርቃል። ሰው ያን ሲያይ ደስ ይለዋል። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ውሃው ሲመለስ ይበቅላል። ከፍ ሲል ደግሞ ነፋስ እየገፋው ወደ ማሳው ያስገባዋል። እምቦጭን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ነገር ነው። እሱን ትቶ በር በመክፈትና በመዝጋት የትም አይደረስም።

ዓሣውና ደንገሉስ?

እነሱ የሚፈልጉት መንቀሳቀስን ነው፤ በጊዜው መሙላት፣ በጊዜው መጉደል። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ሣራማ ዳር ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ፣ ጣና ላይ ብቻ ከሚገኙት አንዳንዶቹን ጨምሮ፣ በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ዳሩ ከደረቀ ለመጀመሪያዎቹ ቤት ይጠፋል። ወንዙ ከተዘጋ ለሁለተኞቹ መንገድ ይጠፋል።

ደንገል ሥሩ እርጥበት ይፈልጋል። ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከትውልድ ትውልድ የኖረው በዚህ ነው። ደንገሉ ሲርቅ ታንኳ ሠሪው ነዶውን ለመሸከም ረጅም መንገድ ይሄዳል። እርጥብ ደንገል ደግሞ ከባድ ነው። የተሠራችውም ታንኳ ብዙ ሳትቆይ ውሃ ትጠጣና ትጣላለች፤ እንደገና ማጨድ ነው። በዚህ ሙግት ውስጥ ድምፃቸው ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚሰማው የእነሱ ነው።

ማን ነው የሚወስነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ክልሎችን የሚያገናኝና ድንበር የሚሻገር ውሃ የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው። ጣና የዓባይ ራስ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ይገባል። ዳሩ ላይ ያለው መሬት፣ ዓሣውና ወደቡ ግን ክልሉንና ወረዳውን ይመለከታል። ስለዚህ ውሃው አንድ ቦታ ይወሰናል፤ ውጤቱ ሌላ ቦታ ይታቀፋል።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሌላም ነገር ይላል። በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ ይገባዋል።

የባህር ሸሽ ገበሬስ ካሳ ይገባዋል?

እኔ ይገባዋል እላለሁ። የሚነሳው መከራከሪያ «መሬቱ ደብተር የለውም፣ የሐይቅ ወለል ነው» የሚል ነው። ግን አንቀጽ 44 የሚያወራው ስለ ደብተር ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው። አንድ ቤተሰብ ለአሥር ዓመት ከዚያ መሬት በልቶ ከሆነ ኑሮው ነው። ተፈጥሮ ውሃውን ብታቆይበት የማንም ዕዳ አይደለም። ሰው በር ዘግቶ ካቆየበት ግን ልዩነት አለው። አስቸጋሪው ሁለቱን መለየት ነው፤ ለዚህም መዝገብ ያስፈልጋል።

አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?

ከአንድ ቁጥር ጋር አልቆምም። «ሁልጊዜ 1786 ከግማሽ» የሚል ሰው ዳሩን አላየም፤ «ይለቀቅ» የሚልም ወደቡን አላየም። እኔ የምጠይቀው የቀን መቁጠሪያ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ሐይቁ የት እንደደረሰ ይታወቃል። ያኔ «ውሃው ኅዳር ላይ እዚህ፣ ጥር ላይ እዚህ፣ ግንቦት ላይ እዚህ ይሆናል» ተብሎ በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየወደቡ ይነገር። ቢሳሳት ይታረማል። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት፣ ባለ ጀልባው ጉዞ ከመቀበሉ በፊት ይወቅ። ይህ ግድብ አይጠይቅም። ወረቀትና ድምፅ ማጉያ ነው የሚጠይቀው።

ዳሩ ላይ ነው የምኖረው። አሁን ምን ላድርግ?

ምልክት ትከል። የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ የውሃውን ጫፍ በቀለም አስምር፤ ቀኑን ጻፍበት። በየሳምንቱ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አንሳ፤ ያው ቦታ ላይ ቆመህ፣ ያንኑ አቅጣጫ ይዘህ። መቼ እንደዘራህ፣ መቼ ውሃ እንደገባብህ በደብተር ያዝ። ጎረቤቶችህም እንዲሁ ያድርጉ። ቀበሌ ስትሄዱ «ውሃ ወሰደብን» ብቻ አትበሉ። «በዚህ ቀን እዚህ ነበር፣ በዚህ ቀን እዚህ ደረሰ» በሉ። ከዚያ በዚያው ቀን የጨረጨራ በሮች ስንቱ ክፍት፣ ስንቱ ዝግ እንደነበሩ በጽሑፍ ጠይቁ።